የአረብ ቤቱ መንደር፦ የሑጀሪያ ተራሮችና የአዲስ አበባ ባንኮኒ

«አረብ ቤት» የሚለው ስም በኡራኤል፣ በካዛንችስም ሆነ በሌሎቹ የአዲስ አበባ ነባር ሰፈሮች የጎረቤት ችርቻሮ ሱቅ መጠሪያ ሆኖ ለረጅም ዘመን ያገለገለ ሲሆን፣ ስኳርና ሻይ ቅጠል፣ ላምባና ሳሙና የሚሸጥበት፣ ልጅ ሳንቲም ጨብጦ የሚላክበት፣ ደመወዝ እስኪደርስ በዱቤ የሚወሰድበት ጠባብ ቤት ማለት ነው። ስሙ ባለሱቁ ከባሕር ማዶ መምጣቱን ይናገራል፤ ከየትኛው ቀዬ እንደተነሣና ለማን ብሎ እንደሚደክም ግን አይናገርም። የአብዛኞቹ ባለሱቆች አገር የመን ነበር፤ በየመንም ውስጥ ከሁሉ በላይ ሁለት ገጠሮች ልጆቻቸውን ወደ ኢትዮጵያ ልከዋል፤ አንደኛው በምሥራቅ የሚገኘው ሰፊው የሃድራሞት ሸለቆ፣ ሁለተኛው ደግሞ ከታኢዝ ከተማ በስተደቡብ ያለው የሑጀሪያ ተራራማ አገር ነው። ይህ ጽሑፍ በተለይ ሁለተኛውን ይመለከታል፤ ምክንያቱም የሑጀሪያ ትንንሽ መንደሮችና የአዲስ አበባ ትንንሽ ሱቆች ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ አንዱ ሌላውን ደግፎ የኖሩ በመሆናቸው፣ የአንዱን ታሪክ ከሌላው ለይቶ መጻፍ ሁለቱንም ማጉደል ነው። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉ ዓመታት «ዓ.ም.» ካልተባለላቸው በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቱርባ የተባለችው ከተማ ማእከሉ የሆነችው ሑጀሪያ ሜዳ የማይበዛበት፣ ገደልና ሸንተረር የሚፈራረቁበት ደጋ ሲሆን፣ በዐረብኛ «ቀርያ» የሚባለው መንደር በዚያ አገር ብዙውን ጊዜ ከአንድ አባት እንወለዳለን የሚሉ ቤተ ዘመዶች የሚኖሩበት የጥቂት ቤቶች ስብስብ ነው። ቤቶቹ ከተጠረበ ድንጋይ የተሠሩ፣ ጠፍጣፋ ጣሪያ ያላቸውና ከርቀት ሲታዩ ከተራራው የማይለዩ ናቸው። የተቀለሱበትም ቦታ በአጋጣሚ የተመረጠ አይደለም፤ አፈር ያለበት መሬት ሁሉ ለእርሻ ስለሚፈለግ፣ ሰው ቤቱን የሚሠራው እህል በማይበቅልበት ቋጥኝ ላይ ነው።

እርሻው የሚካሄደው በእርከን ነው። የኮንሶን እርከን ያየ ኢትዮጵያዊ የሑጀሪያን ተራራ ለመገመት አይቸገርም፤ ከሸለቆው እስከ ጫፍ በድንጋይ ካብ የተያዙ ቀጫጭን ማሳዎች እንደ ደረጃ ተደራርበው ይወጣሉ፣ አንዳንዱም ማሳ በሬ ለማዞር እንኳ የማይበቃ ነው። ካቡ ያለ ሲሚንቶ የተደረደረ በመሆኑ ዕድሜው በጥገና ላይ የተንጠለጠለ ነው። አንድ ድንጋይ ከቦታው ከወጣና ከሚቀጥለው ዝናብ በፊት ካልተመለሰ፣ ጎርፉ በዚያች ቀዳዳ ገብቶ አፈሩን ይጠርጋል፤ የተጠረገው አፈርም ከታች ባለው ካብ ላይ ተከምሮ እርሱንም ይገፈትረዋል። ስለዚህ በእርከን አገር የአንድ ሰው ቸልተኝነት የጎረቤትን ማሳ ጭምር ያጠፋል፤ የመንደሩ ሰዎች በካብ ጥገና፣ በውኃ ማጠራቀሚያ ጠረጋና በመንገድ ሥራ የሚረዳዱትም፣ እንደ ደቦና ወንፈል ሁሉ፣ ለደግነት ብቻ ሳይሆን ለመኖር ነው።

ዝናቡ እንደ እኛው በልግና ክረምት ሁለት ጊዜ ይመጣል፤ ዋናው እህል ማሽላ ነው። አዝመራው ገና ቆሞ ሳለ ሴቶች ወደ ማሳው ገብተው የማሽላውን የታችኛውን ቅጠል እየሸለቀቁ፣ በነዶ በነዶ እያሰሩ፣ በራሳቸው ተሸክመው ለከብት መኖ ወደ ቤት ይወስዳሉ፤ ቅጠሉ ጠርዙ እንደ መጋዝ በመሆኑ እጅ ይቆርጣል። ከማሽላው ዱቄት የሚዘጋጀው «ዐሲድ» የእኛ ገንፎ ነው ማለት ይቻላል፣ ሊጡ ቦክቶ በምጣድ የሚጋገረውና ዐይን የሚያወጣው «ለሑሕ» ደግሞ የእንጀራ የሥጋ ዘመድ ነው፤ የቡና ገለፈት ተፈልቶ የሚጠጣው «ቂሽር»ም በሐረርጌ «ሐሸር» ከሚባለው የማይለይ ነው። ከዚያ አገር የወጣ ሰው አዲስ አበባ ሲገባ ብርዱ ያስደንግጠው ይሆናል እንጂ፣ ማዕዱ ፈጽሞ እንግዳ አይሆንበትም።

ታዲያ ይህን መሬት የሚወድ ሕዝብ ለምን ለቀቀው? አንደኛው ምክንያት የመሬቱ ጥበት ነው፤ እርከን ሲወራረስ ይቆራረጣል፣ ዝናብ ሲቀር ደግሞ የሚተርፍ የለም። ሁለተኛውና ሽማግሌዎች በምሬት የሚያስታውሱት ግን ግብር ነው። ኦቶማኖች በ1918 ከለቀቁ በኋላ አገሩን የያዙት ኢማም ያሕያ፣ ከእርሳቸውም በኋላ ከ1948 እስከ 1962 የገዙት ልጃቸው ኢማም አሕመድ፣ ግብሩን በዘካት ስም በዓይነት ይሰበስቡ ነበር፤ ገማች አዝመራው ሳይታጨድ ወደ ማሳው መጥቶ የሚከፈለውን ይቆርጣል፣ ገበሬው ካልከፈለም ወታደር በቤቱ ይመደብበትና ግብሩ እስኪገባ ድረስ በገበሬው ወጪ ይበላል፣ ይተኛል። ገዥዎቹ የሰሜን ዘይዲ ሺዓዎች፣ የሑጀሪያ ሰው ደግሞ ሻፊዒ ሱኒ መሆናቸው ምሬቱን አጠንክሮታል። እንግሊዞች በ1839 የያዟት የኤደን ወደብ በዚህ ጊዜ በእግር ከሚደረስበት ርቀት ላይ ነበረች፤ የኢማሙ ወታደር የማይደርስባት፣ ደመወዝ በየሳምንቱ የሚከፈልባት ከተማ ነበረች። የሑጀሪያ ወጣቶች በመጀመሪያ ወደዚያ ወረዱ፤ ወደብ ላይ ተሸከሙ፣ በእንፋሎት መርከቦች ሆድ ውስጥ ከሰል አነደዱ፣ ከዚያም መርከቡ ባደረሳቸው ቦታ ሁሉ ወረዱ።

ወደ ኢትዮጵያ የሚወስደው መንገድ ከሁሉ አጭሩ ነበር። ባብ ኤል መንደብ በጠባብ ቦታው 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ ከጅቡቲ ወደ ውስጥ የሚዘልቀው የባቡር ሐዲድ ሲሠራም የመኖች በጉልበት ሥራው ተሰማርተዋል። ሐዲዱ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ሲገባ እነርሱም ከሐዲዱ ጋር ገቡ፤ ከዚያም ከሐዲዱ ርቀው እስከ ደብረ ብርሃን፣ እስከ ደሴና እስከ ጅማ ዘለቁ። ትልልቆቹ ነጋዴዎች በቡናና በቆዳ ንግድ ስማቸው ሲነሣ፣ የተራራው ገበሬ ልጅ ግን በአብዛኛው የሚጀምረው በዘመዱ ሱቅ በተላላኪነት ነበር፤ ጥቂት ዓመት ያለ ደመወዝ ያህል ያገለግልና፣ ቋንቋውንና የዋጋውን ነገር ሲያውቅ፣ ዕቃ በዱቤ ተሰጥቶት በሌላ ሰፈር የራሱን በር ይከፍታል። እርሱም በተራው የወንድሙን ወይም የአጎቱን ልጅ ያስመጣል፤ በዚህ ሁኔታ አንድ የሑጀሪያ መንደር በአዲስ አበባ ሁለትና ሦስት መንገዶች ላይ ተዘርግቶ ይገኝ ነበር።

ሱቁ ራሱ መታየት ያለበት ነው። ፊት ለፊት በእጅ ንክኪ ብዛት የለሰለሰ የእንጨት ባንኮኒ፣ በላዩም የሚዛን ሁለት ሳሕኖችና የነሐስ መመዘኛዎች፣ ከበስተኋላ እስከ ጣሪያ የሚደርስ መደርደሪያ፣ ከመደርደሪያው ጀርባ ደግሞ በመጋረጃ የተጋረደች፣ አንድ አልጋ ብቻ የምትይዝ ጓዳ፤ ባለሱቁ ሌሊት የሚያድረው በዚያች ጓዳ ነው። ከባንኮኒው በታች ባለው መሳቢያ ውስጥ የዱቤ ደብተሩ ይቀመጣል፤ ከቀኝ ወደ ግራ በሚጻፈው ፊደል የደንበኞቹ ስሞች፣ አንዳንዴም ስም በማያውቀው ጊዜ መለያቸው፣ ከዕዳቸው ጋር ይሰፍራል። ያ ደብተር ስለ ሰፈሩ ኑሮ ከብዙ የመንግሥት መዝገብ የበለጠ ያውቅ ነበር፤ ማን በወር መጨረሻ ስኳር እንዳቆመ፣ ማን በአንድ ጊዜ ብዙ ሻማ እንደገዛ፣ የትኛው ቤት ለቅሶ፣ የትኛው ቤት ድግስ እንደነበረ ከመስመሮቹ ይነበባል።

ከዚያ ባንኮኒ የተጠራቀመው ገንዘብ ወደ መንደሩ የሚደርሰው በባንክ ሳይሆን በእምነት ነበር። ባለሱቁ ብሩን ወደ ኤደን ለሚሄድ ሰው ወይም ከኤደን ጋር ለሚገበያይ ነጋዴ ይሰጣል፤ ኤደን ላይ የመንደሩን ሰዎች ገንዘብና ደብዳቤ የሚቀበል አንድ የታወቀ ነጋዴ አለ፣ እርሱም «ወኪል» ይባላል፤ ቃሉ በአማርኛም ያው ነው። ወኪሉ ከገንዘቡ ላይ ጨርቅ፣ ሩዝና መድኃኒት ገዝቶ በአህያና በግመል ወደ ተራራው ይልካል፣ ደብዳቤውንም መንደሩ ውስጥ ማንበብ የሚችለው ሰው ለሁሉም ያነብባል። የባልና የሚስት ምስጢር የሚባለው ነገር በዚያ መንደር ብዙ ጊዜ በሦስተኛ ሰው አፍ ያልፍ ነበር።

የዚህን ሥርዓት ከባዱን ሸክም የተሸከሙት ሴቶች ናቸው፤ ይህንንም ደጋግሞ መናገር ይገባል፣ ምክንያቱም የስደት ታሪክ ሲጻፍ የሚጻፈው የሄደው ሰው ታሪክ ነው። የሑጀሪያ ወጣት በተለምዶ ከመሄዱ በፊት ያገባል፤ ሚስቲቱ በአማቶቿ ቤት ትቀራለች፣ ባል ከሁለት ከሦስት ወይም ከአሥር ዓመት በኋላ ይመጣል፣ ልጅ ይወለዳል፣ ይመለሳል። በመካከሉ እርሻውን የምታርመው፣ ካቡን የምትክበው፣ ውኃ የምትቀዳው፣ ከብቱን የምታልበው እርሷ ናት። በታኢዝና በሑጀሪያ ሴቶች በሥራ ላይ ሆነው ብቻቸውን የሚያንጎራጉሩት «መላላ» የሚባል የዜማ ዓይነት አለ፤ ያለ መሣሪያ፣ ከአንዱ ማሳ ወደ ሌላው የሚሰማ፣ ስለ ራቀ ባል የሚዘመር የናፍቆት እንጉርጉሮ ነው። ከዚያው ምድር የበቀለው ታላቁ ድምፃዊ አዩብ ታሪሽ ከዚህ የሴቶች ዜማ ብዙ ወስዷል፤ የየመንን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሰውም እርሱ ነው፣ ግጥሙን የጻፈው ባለቅኔም የሑጀሪያ ሰው ነው።

በባንኮኒው በኩል ደግሞ ሌላ ሴት ነበረች። ባለሱቁ ለዓመታት በአዲስ አበባ ሲኖር ብዙ ጊዜ ኢትዮጵያዊት ያገባል፤ ወይም ሳያገባ አብሯት ይኖራል። የሰፈሩን ሰው የምታውቀው፣ ማን ዱቤ እንደሚከፍልና ማን እንደማይከፍል የምትነግረው፣ ሲታመም የምታስታምመው እርሷ ናት፤ በተራራው ላይ ስለሚሠራው የድንጋይ ቤት ግን የምትሰማው በወሬ ነው። ከእርሷ የሚወለዱት ልጆች በየመን «ሙወለዲን» ይባላሉ፤ ነጠላው «ሙወለድ» ሲሆን፣ ከየመናዊ አባትና ከውጭ አገር እናት የተወለደ ማለት ነው። ቃሉ በራሱ ስድብ አይደለም፤ በብዙ ሰው አፍ ግን ስድብ ሆኖ ኖሯል።

ይህን ኑሮ ከውስጥ ያየው ሰው ሙሐመድ አብዱልወሊ ነው። በ1940 ገደማ ከየመናዊ አባትና ከኢትዮጵያዊት እናት ደብረ ብርሃን ውስጥ የተወለደው ይህ ደራሲ በአዲስ አበባ የየመን ማኅበረሰብ ትምህርት ቤት ተምሮ፣ በኋላም በካይሮና በሞስኮ ቆይቶ፣ የዘመናዊው የየመን ልብ ወለድ መሥራቾች ከሚባሉት አንዱ ሆኗል። በ1966 ባሳተመው የአጫጭር ልብ ወለዶች መድበል ርእስ በሆነው ታሪክ ውስጥ ሳልማ የምትባል፣ ባሏ የራቃት የመንደር ሴት ከራሷ ጋር ትሟገታለች። በ1971 የወጣው «እንግዶች ሆነው ይሞታሉ» የሚል ትርጉም ያለው ሥራው ደግሞ በስድስት ኪሎ ሱቅ ስላለው ስለ አብዱ ሰዒድ ነው፤ አብዱ ሚስቱንና ልጁን በመንደር ትቶ፣ በላከው ገንዘብ ቤት አሠርቶ፣ ልመለስ ልመለስ ሲል የሚኖር፣ በአዲስ አበባ ከኢትዮጵያዊት የተወለደለትን ልጅ ግን አልቀበልም የሚል ሰው ነው፤ የሚሞተውም እዚሁ ነው። አብዱልወሊ ለአብዱ አላዘነለትም ማለት አይቻልም፤ ነገር ግን ፍርዱ ጠንካራ ነው፣ ትክክልም ነው፦ አንድ ሰው በሩቅ ላለ ቤት ሲል በእጁ ያለውን ልጅ ከካደ፣ እንግድነቱን ያመጣው መንገዱ ብቻ አይደለም። ደራሲው በ1973 በአውሮፕላን አደጋ በወጣትነቱ አለፈ። የእርሱ መጻሕፍት ስለ አዲስ አበባ በዐረብኛ ከተጻፉት ሁሉ የቅርብ ዘመዶቻችን ሆነው ሳለ፣ በአማርኛ አንባቢ ዘንድ እምብዛም አለመታወቃቸው ሊታረም የሚገባው ጉድለት ነው።

የሃድራሞት ሰዎች ታሪክ ከዚህ ጋር ቢመሳሰልም ገጽታው ይለያል። በዚያ አገር መንደሮቹ ከጭቃ ጡብ የተሠሩ፣ በዋዲ ዶዓን እንደሚታየው ከገደል ሥር ተለጥፈው ከተምር ዛፎች በላይ የሚቆሙ ሲሆን፣ ሺባም የተባለችው ባለ ብዙ ፎቅ የጭቃ ከተማ በ1982 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግባለች። ሃድራሞቶች ከምሥራቅ አፍሪካ እስከ ጃቫ የተዘረጋ የንግድ መረብ የነበራቸው በመሆኑ፣ ብዙዎቹ ከችርቻሮ ይልቅ በጅምላና በውጭ ንግድ ታውቀዋል። ከካዛንችስ ጥቂት ራቅ ብሎ በ1998 የተከፈተውን ሸራተን አዲስን ያሠሩት ሼክ ሙሐመድ ሁሴን አል አሙዲ ከሃድራሞት ተወላጅ አባትና ከኢትዮጵያዊት እናት የተገኙ ናቸው፤ አል አሙዲ የሚለው የቤተሰብ ስምም ከጥንት ጀምሮ ከዚያው ከዋዲ ዶዓን ጋር የተሳሰረ ነው።

ወደ ሑጀሪያ እንመለስ። ከመንደሩ የወጡት ሰዎች ገንዘብ በመላክ ብቻ አላቆሙም፤ ተደራጁ። ኤደን ላይ እያንዳንዱ ቀርያ ወይም ጎሣ የራሱ የመረዳጃ ማኅበር ነበረው፤ ለታመመ ያዋጣል፣ ለሞተ ይቀብራል፣ ለመንደሩም ትምህርት ቤት ያሠራል። የእኛን እድር ለሚያውቅ ሰው ይህ ማብራሪያ አያሻውም። በ1944 ኤደን ላይ የተመሠረተው የነፃ የመናውያን ንቅናቄ፣ ከመሪዎቹ አንዱ የሑጀሪያው ተወላጅ አሕመድ ኑዕማን ሲሆን፣ በኢትዮጵያ ካሉት ጭምር ከስደተኛ ባለሱቆች በሚዋጣ ገንዘብ ተደግፏል። ከመስከረም 1962ቱ አብዮትና ለስምንት ዓመት ከዘለቀው የእርስ በርስ ጦርነት በኋላም ይኸው የማኅበር ልማድ በ1970ዎቹ «ተዓውን» የተባሉትን የአካባቢ ልማት ማኅበራት ወለደ፤ የማኅበራቱን ኅብረት ይመሩ የነበሩት ኢብራሂም አል ሐምዲ በ1974 ሥልጣን ይዘው በ1977 እስከ ተገደሉበት ቀን ድረስ ይህን እንቅስቃሴ የአገር ፖሊሲ አድርገውታል። በእነዚህ ዓመታት መኪና አይቶ በማያውቅ ተራራ ላይ ነዋሪው በራሱ መዋጮ መንገድ ጠረገ፣ ትምህርት ቤትና የውኃ ማጠራቀሚያ ሠራ። በዚያው ትውልድ ዘመን በአዲስ አበባ ከአረብ ሱቅ ጎን ለጎን ከሊስትሮና ከጉልት ተነሥቶ የሰፈር ንግዱን የያዘው የጉራጌ ነጋዴም መዋጮ እያሰባሰበ ወደ አገሩ የሚያደርስ መንገድ አሠርቷል። ሁለቱ ሕዝቦች በአንድ መንገድ ላይ ተወዳድረዋል፤ ያተረፉትን ግን በአንድ ዓይነት ሥራ ላይ አውለውታል።

መለያየቱ የመጣው ከሁለቱም ወገን ነው። በኢትዮጵያ በ1967 ዓ.ም. ዋና ዋና ድርጅቶች፣ በሐምሌ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤቶች የመንግሥት ሲሆኑ፣ የግል ንግድ መተንፈሻ አጣ፤ በየመን በኩል ደግሞ ከ1973ቱ የነዳጅ ዋጋ ንረት በኋላ የሳዑዲ ዐረቢያ ደመወዝ ማንኛውንም የችርቻሮ ሱቅ የሚያስንቅ ሆነ። ባለሱቆቹ ቀስ በቀስ ሄዱ፤ ብዙዎቹ ልጆቻቸውን ይዘው ተመለሱ። በታኢዝ፣ በሁዴይዳና በሰንዓ የሰፈሩት ሙወለዲን በመካከላቸው አማርኛ እየተናገሩ፣ በአባታቸው አገር እንደ ሐበሻ፣ በእናታቸው አገር እንደ አረብ እየተቆጠሩ ኖሩ። ለመንደሩ ግን የሳዑዲ ገንዘብ ከአዲስ አበባው የተለየ ውጤት ነበረው። ብዙ ወንዶች በአንድ ጊዜ ሄዱ፣ ከውጭ የሚገባ ስንዴ ከማሽላው ረከሰ፣ የቀን ሠራተኛ ዋጋ ጨመረ፤ ካብ የሚክብ እጅ ጠፋ። ለብዙ መቶ ዓመታት የቆመው እርከን በጥቂት ክረምት መናድ የጀመረው በዚህ ጊዜ ነው። በ1990 የመን በባሕረ ሰላጤው ቀውስ በያዘችው አቋም ምክንያት ከ700 ሺህ በላይ ሠራተኞቿ ከሳዑዲ ሲመለሱ፣ የጠበቃቸው መሬት ትተውት የሄዱት መሬት አልነበረም።

በመጋቢት 2015 የተባባሰው የየመን ጦርነት ይህን ሁሉ ገለበጠው። ታኢዝ ስትከበብ ከኤደን ምግብና መድኃኒት የሚገባላት ከሞላ ጎደል በሑጀሪያ በኩል፣ «ሐይጀት አል ዓብድ» በሚባለው፣ የጭነት መኪና ሲዞር ጎማው ገደል አፋፍ በሚነካበት ጠመዝማዛ የተራራ መንገድ ነበር፤ ሰው የለቀቃቸው መንደሮችም ከከተማ የሸሹ ቤተሰቦችን ተቀበሉ። የተወሰኑ የመናውያን እንደ አያቶቻቸው ባሕሩን ተሻግረው እንደገና አዲስ አበባ ገብተዋል፤ ዛሬ በከተማዋ መንዲና ፈጢራ ከሚያቀርቡት ምግብ ቤቶች አንዳንዶቹ የእነርሱ ናቸው። በተቃራኒው አቅጣጫ ደግሞ የወሎ፣ የአርሲና የሐረርጌ ወጣቶች በጅቡቲው ኦቦክና በሶማሊያው ቦሳሶ በኩል በዚያው ጦርነት መካከል አልፈው ወደ ሳዑዲ ይጓዛሉ፤ በ2019 ብቻ ወደ የመን የገቡት ስደተኞች ከ138 ሺህ በላይ ሲሆኑ፣ አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ሳልማን ማወቅ የሚፈልግ ሰው ከእንግዲህ ወደ ሑጀሪያ መሻገር የለበትም፤ ባሏ በሳዑዲዋ ጂዛን የቀረባትን የወሎ ሴት ቢጠይቅ ታሪኩን ከነዝርዝሩ ያገኘዋል።

በአዲስ አበባ በኩል ያለው የዚህ ታሪክ ማስረጃ ግን እየጠፋ ነው። ስሙን በጣሊያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ከተሠሩት ቤቶች ያገኘው ካዛንችስ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ለመልሶ ማልማት በብዛት ሲፈርስ፣ ነዋሪዎቹ ዕቃቸውን በጥቂት ቀናት ውስጥ ሰብስበው ወደ ሌላ ሰፈር ተነሥተዋል፤ እንዲህ ባለ ጊዜ አልጋና ምጣድ ይጫናል፣ በሣጥን ሥር ያለ አሮጌ ወረቀት ደግሞ ይጣላል። በኡራኤል፣ በካዛንችስ፣ በስድስት ኪሎ ወይም በመርካቶ ከአያት የቀረ በዐረብኛ የተጻፈ የዱቤ ደብተር፣ የኤደን ቴምብር ያለበት ፖስታ፣ ከባንኮኒ ፊት የተነሣ ፎቶግራፍ ያለው ቤተሰብ፣ ጽሑፉን ማንበብ ባይችል እንኳ አይጣለው፤ ወደ ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት፣ ወይም ስድስት ኪሎ ወዳለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ወስዶ ያሳየው። ተቋሙ የሚገኝበት ግቢ አብዱልወሊ የአብዱ ሰዒድን ሱቅ ካስቀመጠበት መንገድ ዳር ነው።